76 ዓመት ሙሉ

አርበኛው ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ጣሊያንን ሊወጉ ጫካ ሲገቡ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጣሊያን በ1933 ተባረረ፤ እሳቸው ያረፉት በ2009 ነው። በመካከሉ 76 ዓመት አለ። ያን ሁሉ ዘመን የአማርኛ ልብ ወለድ ምን ሲሠራ ነበር?

እርግጥ የእሳቸው ታሪክ ተጽፏል። የጀግና ገድል መጻፍ እናውቅበታለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ጥይት ተሸክሞ ከኋላ ይሮጥ የነበረው ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰው የገደለ ዕለት እራቱን በልቶ ይሆን? ለውስጥ አርበኞች መልእክት የምታደርሰው ኮረዳ ኬላው ላይ ባንዳ ሲፈትሻት ምን ብላ አመለጠች? ይህን የሚነግረን የጦር አዛዥ ቴሌግራም የለም። የሚያውቁት ራሳቸው ነበሩ፤ እነሱም በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳልያ ደርድረው በፊታችን ሲያልፉ ኖረዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ፎቶ አነሳናቸው፣ ለፉከራቸው አጨበጨብን፣ ወደየቤታችን ገባን። ደብተር ይዞ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «አባባ፣ ያኔ በልጅነትዎ ምን ያስፈራዎት ነበር?» ያለ ደራሲ ከተገኘ በጣት የሚቆጠር ነው።

ሰበብ አናጣም፤ ሳንሱሩ፣ የወረቀቱ ዋጋ። ነገር ግን መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎልን ነበር። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ወረራውን በ«አርአያ» ልብ ወለዳቸው ያስገቡት ነጻነት ከተመለሰ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ተዋግተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ታስረው ያዩትን በ«ትዝታ» ጽፈው አስቀምጠውልናል። ከዚያ የሚቀጥል ጠፋ እንጂ ጀማሪስ ነበረ።

ወላጅ አልባዋ የቤት ሠራተኛ ልጅ ሂሩት ተዋጊ ሆና በልብ ወለድ ዓለምን ያነጋገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ»። በፈረንጆቹ 2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻው ዙር ደረሰ። እሰየው! ግን ያቺ ልጅ ብትኖር ኖሮ የራሷን ታሪክ የሚያነብላት አስተርጓሚ ያስፈልጋት ነበር።

ይብስ የሚያስቆጨው፣ አሁንም ያንኑ እየደገምን መሆናችን ነው። በ1969 በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ሶማሊያ ጦርነት ግንባር የተላኩት የገበሬ ልጆች ሰባ ዓመት እየተጠጋቸው ነው። በየሰፈራችን አሉ፤ ግማሹ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ግማሹ በጥበቃ ሥራ። ከዚያ ጦርነት እያነበብን ያለነው ግን አብዛኛው የመኮንኖቹን ማስታወሻ ነው።