ቮልስን ስለ መፋቅ

አሮጌ መኪና ለማደስ ቆርጦ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ግብር ማፍረስ ነው፤ ማፍረሱም ሞተር በማውረድና ወንበር በማውጣት ቢጀመር ቅሉ፣ ጉልበትን እጅግ የሚፈትነው፣ ትዕግሥትንም የሚመዝነው ክፍል፣ ባለንብረቶች እየተፈራረቁ በላሜራው ላይ የደራረቡትን ቀለም እየፋቁ እስከ ብረቱ የመውረዱ ሥራ ነው። ጋራዥ አስገብቶ በገንዘብ ማስፋቅ የሚቻል ሆኖ ሳለ፣ በገዛ ግቢው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ እስፓቱላና የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ለዚህ ድካም የሚቀመጥ ሰው፣ ለቤተ ሰቡ መሣቂያ፣ ለጎረቤቱም መነጋገሪያ መሆኑ አይቀርም፤ በተለይም ትርፍ ጊዜ የሚገኘው በበዓል ቀን ነውና፣ ከቅዳሴ የሚመለሱት እናቶች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ የፍቂያውን ድምፅ ሰምተው «ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!» ብለው ሳይገሥጹ አያልፉም። እኔም «ሥራ አይደለም እትዬ፣ ጨዋታ ነው» እያልሁ እመልሳለሁ፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ ማንንም አሳምኖ አያውቅም።

መኪናይቱ ቮልስ ናት። ቮልስ በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ተወልዳ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት እየተሠራች በየአህጉሩ የተበተነች፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆና የፎርድን ሞዴል ቲ በቍጥር የቀደመች፣ በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ የመጨረሻይቱ ስትወጣ 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል እኅቶች የነበሯት ፍጥረት ናት። ወደ እኛ አገር የገቡት መምህሩንም ሐኪሙንም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውንም ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ ሕዝብ ያያቸው የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው መኪና የኋላ ወንበር ነው። አዲስ መኪና ማስገባት ከቀረጡ ክብደት የተነሣ የጥቂቶች ዕድል በሆነበት አገር፣ ያለችውን መጠገንና መልሶ መቀባት ግድ ነበርና፣ ሌላ ቦታ በዐሥር በዐሥራ አምስት ዓመቷ ቁርጥራጭ ብረት የምትሆነው መኪና በእኛ ዘንድ ከአባት ለልጅ ስትተላለፍ ትኖራለች። የቀለሙ ንብርብር መብዛት ምክንያቱ ይኸው ነው።

የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ በፓራፋንጎውና በገላዋ መካከልም ስፌት የሚመስል ቀጭን ክር ገብቷል። ቀለም የሚነፋው ባለሙያ፣ ዝገት የያዘውን ብሎን ሁሉ እየፈታ ክሩን ያውጣ ቢባል ዋጋው እጥፍ ስለሚሆን፣ ላዩን ነፍቶ ያስረክባል። የኋላው ፓራፋንጎ ብሎኖች በዘይት እየራሱ፣ አንዳንዶቹም እየተሰበሩ ወጥተው ክሩ በተመዘዘ ጊዜ፣ ከሥሩ የጣት ስፋት የማይሞላ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ መስመር ተገለጠ። እኔ ነጭ ብዬ የገዛኋት መኪና ሰማያዊ ሆና መወለዷን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ በኮፈኑ ላይ ሳንቲም የምታህል ሥፍራ መርጬ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እያንጠባጠብሁ፣ በክብ በክብ አሸሁ። ነጩ ቀስ ብሎ ሳስቶ ከሥሩ ሌላ፣ ወደ ወተት የሚያደላ ነጭ ወጣ፤ ቀጥሎ የደረቀ ደም የመሰለ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ግራጫ፣ ከግራጫው ሥር ያ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር የፋብሪካው መሠረት ቀለም፣ በመካከል ደግሞ እንደ ብር የሚያበራ ነጥብ። ዳር ዳሩ የወጡት ቀለበቶች እንዲህ ጥንቅቅ ብለው ይታዩ እንጂ፣ ማን በምን ምክንያት እንዳስቀባቸው የሚናገሩት ነገር የለም። እንግዲህ እንደ መጽሐፍ መምህራን መተርጐም ነው፦ አንድም ልጁን ለመዳር፤ አንድም የገዢን ዓይን ለመማረክ፤ አንድም የግጭት ቍስል ለመሸፈን፤ አንድም ባለቤቱ ሰማያዊ ሰልችቶት። ሁሉም ያስኬዳል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እኔ ወደ ግጭቱ አደላለሁ።

ያደላሁበትም ምክንያት ስቱኮው ነው። ከበሩ በታች ባለው ጎን ማግኔት ሲጠጋ አልይዝ ብሎ ይወድቃል፤ በጣት ሲያንኳኩት የብረት ድምፅ ሳይሆን የግድግዳ ድምፅ ይሰጣል። እስፓቱላውን በመዶሻ እየመታሁ ስፈልጠው እንደ ደረቀ ጭቃ እየተገመሰ የወረደው ስቱኮ ከአውራ ጣት ይወፍር ነበር። ቀድሞ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላው እርሳስ እያቀለጡ በማለስለስ ነበር፤ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሙጫና የታልክ ዱቄት የተቀላቀለበት ስቱኮ ሥራውን ለሁሉ አቀለለው። ችግሩ፣ ስቱኮ እርጥበት የሚጠጣ ነውና፣ ባልጸዳ ብረት ላይ በውፍረት ሲለጠፍና በላዩ ያለው ቀለም ሲሰነጠቅ ውኃውን ስቦ ከብረቱ ጋር ያቆየዋል፤ ዝገቱም ከተበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ከሥር እያበጠ ስቱኮውን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

በዚህ ሥራ የሚረዱኝ፣ ዕድሜያቸውን በባቲላሜራነት የፈጸሙ አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ስቱኮው ሲወርድ አይቼ «ጋሼ፣ ይኼን የሠራው ሰው ሌባ ነው» አልሁ። እሳቸው ግን ብረቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ሌባ አይደለም ልጄ፤ ላሜራ ያጣ ሰው ነው። ባለመኪናው ሰኞ ጧት እፈልጋታለሁ ብሎት ይሆናል፤ ምን ያድርግ?» አሉ። እርግጥ ከስቱኮው ሥር የመዶሻው ምልክት ሥርዓት ባለው መልክ ተደርድሮ ይታያል፤ ያ ስሙ የማይታወቅ ባለሙያ እጁ እስከ ቻለ ድረስ ላሜራውን አቅንቷል፣ የቀረውን ነው በስቱኮ የሞላው። የቀደሙትን ሁሉ በአንድ ቃል መኰነን ለአዳሽ ቀላል ነው፤ እስፓቱላ የያዘ ሰው ዳኛ የሆነ ይመስለዋልና።

ስለ መፋቂያው መንገድ ብዙ አላትትም። አሸዋ በአየር ኃይል መንፋት፣ አሜሪካዊው ቲልግማን በ1870 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ጥበብ፣ ለሻንሲና ለቸርኬ መልካም ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለማይሞላ ላሜራ ግን አደጋ ነው፣ የአሸዋው ውርጅብኝ ቆዳውን ቀጥቅጦ ያጣምመዋልና፤ ትቢያውም ለሳንባ ጠላት ነው። ግራይንደርም ቢሆን አንድ ቦታ ከቆመ ብረቱን አግሎ ያለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ኮፈን ሲጫኑት ወደ ውስጥ፣ ሲለቁት ወደ ውጭ «ቋ» እያለ ያፌዝብሃል። ቀለም የሚያነሣው መድኃኒት በብሩሽ ተቀብቶ፣ እንዳይደርቅ ላስቲክ ለብሶ ጥቂት ሲቆይ ቀለሙን እንደ ቃጠሎ ቍስል ያኰፈኵፈዋል፤ ከዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ዋነኛው ዳይክሎሮሜቴን ግን፣ ትነቱ በሰው ደም ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚለወጥና በዝግ ቤት የተነፈሱትን ስለ ገደለ፣ አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክላለች። በአሮጌ ቀለም ውስጥ ደግሞ እርሳስ አለ። የእኛም መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የቀድሞዎቹ ቀለበቶች ግን ይህን ደንብ አያውቁትም። ስለዚህ በደረቅ ማሸት ክልክል ነው፦ ውኃ እያፈሰሱ፣ አፍንጫን ሸፍነው፣ ዝቃጩንም ወደ ጎመኑ መደብ ሳይሆን በላስቲክ ሰብስበው ማኖር ይገባል። ባለቤቴ ጎመኑን ገና ሳልጀምር አስነቅላ ወደ ጓሮ አዛወረችው፤ ይህም በመላው ሥራ ውስጥ ከተደረገው ሁሉ የላቀ ጥበብ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ሥራውን ስጀምር ሐሳቤ መላ ገላዋን እርቃኗን ማስቀረት ነበር። ከፊት ኮፈን ሥር፣ ተቀያሪ ጎማው ከሚቀመጥበት ጕድጓድ ጀርባ፣ የፋብሪካው ሰማያዊ እንዳለ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ከመፍዘዝ በቀር እንከን የለውም። «ጋሼ፣ ይኼንንስ እስከ ብረቱ እንፋቀው?» ብላቸው፣ ሽማግሌው ቀና ብለው «ምን በድሎህ ነው የምትፍቀው?» አሉኝ። ቆይቼ ሳስበው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። ብራና የሚፍቅ ደብተራ ጠጕሩንና ስቡን አጥፍቶ፣ ቆዳው ከመበሳቱ በፊት እጁን የሚያቆምበትን ልክ ያውቃል፤ እኛ አዳሾች ግን መፋቅ በራሱ ንጽሕና ይመስለንና፣ ከብረቱ ጋር የተዋሐደውን ደኅና ቀለም ከበሰበሰው ጋር አብረን እንገፈዋለን። ከፋብሪካው የወጣ፣ ያልላላ፣ ያልተሰነጠቀ ቀለም ለአዲሱ ቀለም ከሁሉ የሚሻል መሠረት ነው፤ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ካሳለፉበት ሌላ የሚጠይቀው የለም። በአሜሪካ በፔብል ቢች በሚደረገው ዝነኛ የመኪና ትርኢት ሳይታደሱ ለኖሩ መኪናዎች የተለየ ምድብ መኖሩን ስሰማ፣ ያ የመኳንንት ቅንጦት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ያ ምድብና የሽማግሌው ጥያቄ አንድ ናቸው እላለሁ። ወደ መጀመሪያው መመለስ የሚሉት ነገር፣ ያለውን የመጀመሪያ እያጠፉ ከሆነ ምን ትርጕም አለው?

ስለዚህ የታመመውን ብቻ ፋቅን፦ ጎኖቹን፣ የበሮቹን ግርጌ፣ የኋላ ፓራፋንጎዎቹን። እርቃኑን የቀረ ብረት ደግሞ እንግዳ ተቀባይ አይደለም፤ በክረምት የአዲስ አበባ አየር ማታ የጸዳውን ጧት ብርቱካንማ ያደርገዋል፣ በላብ የራሰ እጅ ያረፈበትም ቦታ የጣት አሻራውን በዝገት ያትማል። ፎስፎሪክ አሲድ አቅጥነው ከቀቡት በኋላ አጥቦና አድርቆ በዚያው ቀን አንቲሩጂኔውን መንፋት ነው።

የቀረው ክርክር የቀለሙ ነው። ሊብሬው ነጭ ይላል፤ ላሜራው ሰማያዊ ይላል፤ የጎረቤት ልጆች በሙሉ ድምፅ ቀይ ይላሉ። ቀለም የለወጠ ባለንብረት ሊብሬውን ማስለወጥ አለበትና፣ ለሰማያዊው የሚሟገተው ወገን የማመልከቻውን ድካምም አብሮ መሸከም ይኖርበታል፤ እኔ ግን ለሰማያዊው ነኝ። ሽማግሌው ከሁላችንም አይደሉም። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር የሚቀመጥ እንደ መሆኑ፣ ባለፉት ዓመታት የፈሰሰው አሲድ ወለሉን በልቶት ከላይ ሲያዩ የግቢው ሣር ይታያል፤ እሳቸውም መዶሻቸውን ይዘው፣ «ቀለሙን ተዉትና ላሜራ ግዙ፤ ይህ ወለል ሳይበየድ ባትሪውን የት ልታስቀምጡ ነው?» ይላሉ።