ጳጉሜ የተወለደ ሰው የት ይግባ?

ሥራችሁ ምንድነው ስንባል “ኮምፒውተር ላይ ነው” ብለን እንገላገላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ውሏችን ሌላ ሰው በኤክሴል የሞላውን ፋይል በጅምላ ዳታቤዝ ላይ መጫን ነው። ከመጫናችን በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነ ለማሽኑ መንገር አለብን፦ ይሄ ጽሑፍ ነው፣ ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ ቀን ነው። ይኸው ነው። አሰልቺ ነው። ሰው የሚጠፋው ግን እዚችው ጋ ነው።

ስልክ ቀላሉ ነው። 0911 ብሎ የሚጀምረውን “ቁጥር” ካልነው ፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። ስልክ አይደመር፣ አይባዛ፤ ጽሑፍ ነው ብለን እናልፋለን።

ጉዱ ያለው ቀን ላይ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚመጣ ፋይል የልደት ቀን የሚይዘው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ዳታቤዙ ደግሞ ካልነገርነው በቀር “ቀን” ሲባል የሚገባው የፈረንጁ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 የተወለደ ሕፃን 30/02/2016 ተብሎ ይመጣል። ፌብሩዋሪ 30 የላትምና መስመሩ ይወድቃል። በዋዜማው የተወለደው ግን ሰተት ብሎ ያልፋል፤ የፈረንጁ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ነበራትና! ጳጉሜ 5 ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቀን አስቀድሞ የሚያነበው ሥርዓት “13ኛ ወር ብሎ ነገር የለም” ይላል፤ ወር አስቀድሞ የሚያነበው ሜይ 13 ነው ብሎ ይመዘግባል።

እኛ የወደቀውን እንወዳለን። የወደቀ ይታያል። የሚያስፈራን ያለፈው ነው፤ የዚያ የጥቅምት 29 ልጅ የኩፍኝ ክትባት የሚወስድበት 9ኛ ወሩ ሲደርስ፣ በዳታቤዙ ስሌት ስምንት ዓመት አልፎታል። ከተከታቢዎች ዝርዝር ውስጥ አይወጣም፤ እናቱንም የሚጠራት የለም።

ስለዚህ ቀንን መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ አድርገን ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ላይ እንጭናለን። ዓምዱን “የልደት ቀን በኢትዮጵያ” ብለን እንሰይመዋለን፣ የፈረንጁን አስልተን ጎኑ እናስቀምጣለን። ዋናውን አንሰርዝም።

ርዝመትም አለ። የኦራክል መጫኛ፣ ኤስኪውኤል ሎደር፣ የዓምዱን ርዝመት ካልነገርነው ለራሱ 255 ባይት ብሎ ይወስናል። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይበላል፤ ስለዚህ ለእኛ የቀረችው 85 ፊደል ናት። የሐኪም ማስታወሻ እዚያ ውስጥ አይገባም። (ፊደላችን ወፍራም ነው የሚሉን ጓደኞች አሉ፤ ይሁን።)

መጫኛው እምቢ ያላቸውን መስመሮች “ባድ” የሚባል ፋይል ውስጥ ለብቻ ያኖራቸዋል። ጭነቱ ሲያልቅ የተላከውን ቆጥረን፣ የገባውን ቆጥረን፣ ልዩነቱን እዚያ እንፈልጋለን። ከዚያ ስልክ አንስተን ጤና ጣቢያውን እንጠይቃለን፦ “ይቺ 13 ጳጉሜ ናት ወይስ የጣት ስህተት?”