የማይለወጠው ረድፍ፦ ስለ ውሃ ድብ፣ ስለ ጤፍና ስለ ጂን አገላለጽ ሥዕሎች

በጎጃም ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው ደጋ፣ ክረምት ሲገባ ድንጋዩና የዛፉ ግንድ ሞስ በሚባለው ሥር አልባ፣ ለስላሳና አረንጓዴ ዕፅ ይሸፈናል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ይኸው ሽፋን በእጅ ሲነኩት እስኪፈረፈር ድረስ ይደርቅና የሚቀጥለው ዝናብ ሲነካው መልሶ ይለመልማል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለውን ሽፋን ቤቱ ያደረገ አንድ እንስሳ አለ፤ ታርዲግሬድ ወይም የውሃ ድብ ይባላል። ስምንት እግር ያለው ይህ እንስሳ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ በመሆኑ ያለ ማይክሮስኮፕ በቅጡ አይታይም። ጀርመናዊው ቄስ ጎዘ በ1773 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ እርሱ ከጻፈ ወዲህ ከሺህ የሚበልጡ ዝርያዎች ተለይተው የተመዘገቡ ሲሆን፣ በ2017 ስቴክና ክሪስተንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተገኘውን አንዱን ሜሶባዮተስ ኢትዮፒከስ ብለው ሰይመውታል።

የውሃ ድብን ስመ ጥር ያደረገው ድርቀትን የመቋቋም ችሎታው ነው፤ በዙሪያው ያለው ውሃ ሲተን እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እንደ ትንሽ በርሜል ይኮማተራል፣ በሰውነቱ የነበረውን ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያጣል፣ ሕይወት የሚባለው የሕዋስ ሥራ ሁሉ ይቆማል፣ ከዚያም ውሃ ሲያገኝ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከሚይዟቸው መንገዶች ዋነኛው የጂን አገላለጽን መለካት ነው። በእንስሳው ሕዋሳት ያለው የዘር መመሪያ፣ ማለትም ዲኤንኤ፣ እንስሳው ሲረጥብም ሆነ ሲደርቅ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ከየጂኑ እየተገለበጠ የሚወጣው መልእክተኛ አርኤንኤ የተባለው ሞለኪውል መጠን ሲሆን፣ ፕሮቲን የሚሠራው ከዚህ ግልባጭ በመሆኑ የግልባጩ ብዛት ጂኑ ምን ያህል ሥራ ላይ እንደዋለ ያመለክታል። በመሆኑም ተመራማሪው እርጥብ፣ በመድረቅ ላይ ያለና የደረቀ እንስሳ ወስዶ ግልባጮቹን በማሽን ያስነብብና በመጨረሻ በእጁ የሚገባው ረድፉ ጂን፣ ዓምዱ ናሙና የሆነ፣ ብዙ ሺህ ረድፎች ያሉት የቁጥር ሰንጠረዥ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ማንም በዓይኑ ሊያነበው ስለማይችል ወደ ሥዕል መለወጥ ግድ ነው። ከሥዕሎቹ ሁሉ የታወቀው የሙቀት ካርታ የሚባለው ነው፤ ማይክል አይዘንና ባልደረቦቹ በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ሲስፋፋ፣ እያንዳንዱ ቁጥር በአንዲት ትንሽ ባለ ቀለም ሳጥን ተተክቶ፣ የጨመረው በቀይ፣ የቀነሰው በአረንጓዴ ይታይ ነበር። (የዚህ ምርጫ ጠንቅ ከአውሮፓውያን ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን አጥርተው የማይለዩ መሆናቸው ነው፤ ዛሬ በቀይና በሰማያዊ መሣል የተሻለ የሆነውም ስለዚህ ነው።) ሁለተኛው የእሳተ ገሞራ ሥዕል ይባላል፤ በአግድም መስመሩ ጂኑ ስንት እጥፍ እንደተለወጠ፣ በቁም መስመሩ ደግሞ ለውጡ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ስለሚያሳይ፣ በብዙ የተለወጡት ጂኖች እንደ ፍንጣሪ ወደ ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ሲወጡ ያልተለወጡት ግን ከታች መሐል ላይ በግራጫ ክምር ይቀራሉ።

ጉዳዩ ያለው እዚያ ግራጫ ክምር ውስጥ ነው። ሁለቱም ሥዕሎች የሚያሳዩት ለውጥን እንጂ መጠንን አይደለም፤ ይህም ስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ምርጫ ነው። በሙቀት ካርታ ከመቀባቱ በፊት የእያንዳንዱ ረድፍ አማካይ ከቁጥሮቹ ይቀነስና ውጤቱ ለመደበኛ ልይይት፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበታተኑ ለሚገልጸው ልኬት፣ ይካፈላል። ይህ ባይደረግ ግልባጫቸው እጅግ የበዛ ጥቂት ጂኖች ሥዕሉን ሁሉ ስለሚውጡት ሌላው አይታይም ነበር። የሚያስከትለውን ለማየት ለምሳሌነት የተቀመጡ ቁጥሮችን መውሰድ ይበቃል፤ አንዱ ጂን እንስሳው ሲረጥብ 20፣ መድረቅ ሲጀምር 30፣ ሲደርቅ 200 ግልባጭ ቢኖረው፣ ሌላው ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል 9000፣ 9100 እና 9050 ቢኖረው፣ ከዚህ ስሌት በኋላ ሁለተኛው ረድፍ ልክ እንደ መጀመሪያው ደማቅ ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ተመልካቹ ትርጉም የለሽ መዋዠቅ ያያል እንጂ ይህ ጂን በየትኛውም ሰዓት ከመጀመሪያው በብዙ አሥር እጥፍ የላቀ መሆኑን ቀለሙ አይነግረውም። በእሳተ ገሞራው ሥዕል ላይ ደግሞ ጨርሶ ከክምሩ ተቀብሮ ይቀራል።

የውሃ ድቦች ጉዳይ ይህን ችግር ከመላምት አውጥቶ እውን ያደርገዋል። በምርምር በብዛት ከሚጠቀሱት ሁለት ዝርያዎች አንዱ ሂፕሲቢየስ ኤግዜምፕላሪስ የሚባለው የኩሬ ነዋሪ ሲሆን፣ ከድርቀት የሚተርፈው ቀስ በቀስ እንዲደርቅ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ሲሰጠው ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ጂኖቹ አገላለጻቸውን በኃይል ይጨምራሉ፣ የሙቀት ካርታውም ለዓይን የሚማርክ ይሆናል። ሌላው ራማዞቲየስ ቫሪዮርናተስ በሞስ ላይ የሚኖር ሲሆን በግማሽ ሰዓት ውስጥ በድንገት ቢደርቅ እንኳ ይተርፋል፤ ዮሺዳና ባልደረቦቹ በ2017 ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ግን በዚህኛው ዘንድ በድርቀት ጊዜ የታየው የአገላለጽ ለውጥ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኙት፤ ምክንያቱም ሕዋሱን ከድርቀት የሚጠብቁትን ፕሮቲኖች የሚሠሩት ጂኖች ድርቀት ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ በከፍተኛ መጠን ሲሠሩ የሚኖሩ ናቸው። አንደኛው እንግዳ ሲመጣ ገበያ የሚሮጥ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎተራውን ሞልቶ የሚጠብቅ ነው። እንግዲህ ለውጥን ብቻ በሚያሳይ ሥዕል የተመራ ተመራማሪ፣ ከሁለቱ ይበልጥ ብርቱ የሆነው እንስሳ ምንም ያላደረገ መስሎት ቢያልፈው ጥፋቱ የመረጃው ሳይሆን የሥዕሉ ነው፤ መፍትሔውም ከባድ አይደለም፤ ከለውጡ ሥዕል ጎን የእያንዳንዱን ጂን አማካይ መጠን በሎጋሪዝም የሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ መሣል ይበቃል።

ሥዕል ማሳሳት ብቻ ሳይሆን ማረም እንደሚችልም የዚሁ እንስሳ ታሪክ ይመሰክራል። በ2015 አንድ የአሜሪካ ቡድን ከውሃ ድቡ ጂኖች 17.5 በመቶ የሚሆኑት ከባክቴሪያና ከሌሎች ባዕድ ፍጥረታት የተወረሱ ናቸው ብሎ በማሳተሙ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በኤድንበርግ የነበረው የማርክ ብላክስተር ቡድን ግን የተነበበውን የዲኤንኤ ቁራጭ ሁሉ በአንድ ሥዕል ላይ እንደ ነጥብ አሰፈረው፤ በአንዱ መስመር ጂ እና ሲ የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት ድርሻ፣ በሌላው ቁራጩ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ተቀመጠ። የእንስሳው ነጥቦች በአንድ ቦታ ሲከማቹ፣ ባዕድ የተባሉት አብዛኞቹ ለብቻቸው ሌላ ክምር ሠርተው ተገኙ፤ ከእንስሳው ጋር አብረው የተፈጩ የባክቴሪያ ቁርጥራጮች ነበሩ እንጂ የእርሱ ጂኖች አልነበሩም። የጂን አገላለጽ መረጃም ይህንኑ የሚያጠናክር ሲሆን፣ በኋላ የወጡ ጥናቶች ድርሻውን ወደ 1 ወይም 2 በመቶ አውርደውታል። ይህን የመሰለ ክርክር በአብዛኛው በአንዲት የነጥብ ሥዕል መዘጋቱ ከዘመኑ የሥነ ሕይወት ታሪክ ደስ ከሚያሰኙት ክፍሎች አንዱ ነው።

ለጎጃም አንባቢ ግን ጉዳዩ ከውሃ ድብ ይልቅ በጤፍ በኩል ይቀርበዋል። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ የግራም ሲሶ ገደማ የሚመዝን ቢሆንም፣ ያ ቅንጣት ደርቆ በጎተራ ለዓመታት ከቆየ በኋላ መብቀል ይችላል፤ እንዲህ ደርቆ የሚቆይ ዘር ሲጎመራ ኤልኢኤ የተባሉ፣ መጀመሪያ ከጥጥ ፍሬ የታወቁ ጠባቂ ፕሮቲኖችን ያከማቻል፤ የዚህ ዓይነት ፕሮቲኖች በውሃ ድብም ይገኛሉ። የጤፍ ቅጠል ግን ይህ ችሎታ የለውም፤ በእነማይም ሆነ በደጀን ወረዳ ክረምቱ ቀድሞ ከወጣና ሰብሉ ሳያሸት እርጥበት ከጠፋ፣ ከተወሰነ ደረጃ በላይ የደረቀ ቅጠል በኋላ ቢዘንብለትም አይመለስም። በደቡባዊ አፍሪካ የሚበቅለው የጤፍ ዘመድ ኤራግሮስቲስ ኒንደንሲስ ደግሞ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ዝናብ ሲያገኝ መልሶ የሚለመልም፣ ትንሣኤ ዕፅ ከሚባሉት ወገን የሆነ ሣር ነው።

በ2014 ጸደይ የተባለው የጤፍ ዝርያ፣ በ2020 ደግሞ ዳቢ የተባለው በተሻለ ጥራት ዘረ መላቸው ከተነበበ በኋላ ሁለቱን ዘመዳሞች ጎን ለጎን ማየት ተቻለ። ፓርዶ፣ ቫንቡረንና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱንም እያደረቁ አገላለጻቸውን ለኩ፤ ሲጠበቅ የነበረው ትንሣኤ ዕፁ የዘርን ጠባቂ ጂኖች በቅጠሉ ላይ ሲቀሰቅስ ጤፍ ግን እንደማያደርገው ነበር፤ የታየው ግን ከእነዚህ ጂኖች ብዙዎቹ በሚሞተው የጤፍ ቅጠልም ጭምር ከፍ ማለታቸው ነው። የጤፍ ቅጠል መሣሪያውን እያነሣ የሚሞት ከሆነ፣ በሙቀት ካርታው ላይ ደማቁን ረድፍ መርጦ ወደ ማዳቀያ ማሳ መውሰድ ብቻውን ለአዳቃዩ ብዙ አይጠቅመውም፤ ልዩነቱ ያለው በጥቂት ጂኖች፣ በሚነሡበት ጊዜና በመጠናቸው ውስጥ ነው።

በዚህ ላይ ጤፍ የሁለት ጥንታዊ ሣሮች ውሕድ በመሆኑ ከ68 ሺህ የሚበልጡት ጂኖቹ በአብዛኛው በጥንድ በጥንድ ይገኛሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጨምር ሌላው ቢቀንስ ድምራቸው ያልተለወጠ ረድፍ ሆኖ ስለሚታይ፣ ጥንዶቹን ለየብቻ መሣል ያስፈልጋል። እንዲህ ላለው ሥራ የሚያስፈልገው ውድ ማሽን አይደለም፤ ጥናቶቹ የተመሠረቱባቸው ንባቦች ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ማኅደሮች የተቀመጡ ናቸው፣ መሣያው አር የተባለ ነጻ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪም ሆነ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ያለ አዳቃይ ሌሎች አንድ ጊዜ የሣሉትን ሰንጠረዥ በሌላ ጥያቄ ዳግመኛ ሊሥለው ይችላል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው መጓተቱ ሳይዘነጋ።

ዳግመኛ መሣል የማያስተካክለው ግን ናሙናው ሲቆረጥ የተበላሸውን ነው። ኒንደንሲስ ሲደርቅ ከድርቀቱ የሚተርፉት የውስጠኞቹ ለጋ ቅጠሎች ሲሆኑ የውጪዎቹ አሮጌ ቅጠሎች ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ተፈጭተው ከተነበቡ በሰንጠረዡ ላይ የሚሰፍረው የሟቹና የተራፊው አማካይ ይሆናል፣ ያንን አማካይ መልሶ የሚለይ ቀለምም ሆነ ስሌት የለም።