ሚሚ የምትባለው ደብተር

ሳራዬቮ፣ ሚልያትስካ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ቀና ስል ተራራው ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ይታያል። ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ተከባ ሳለ መድፍ ይተኮስባት የነበረው ከዚያ ነው። የእግረኛው መንገድ ላይ ሞርታር የቦረቦረው በቀይ ሙጫ ተሞልቷል፤ ሰዉ «ጽጌረዳ» ይለዋል። ረግጦ ማለፍ ይከብዳል።

የዝላታ ፊሊፖቪች ከተማ ይህች ናት። ማስታወሻ መጻፍ ስትጀምር አስራ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ደብተሯን «ሚሚ» ብላ ሰየመችው፤ እኛ ቤት ሴት ልጅ የምናቆላምጥበት ስም! መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ፒያኖ ነበር። ኋላ ውሃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ምድር ቤት መደበቅ መጣ። ጓደኛዋ መናፈሻ ውስጥ ተገደለች።

እኔን የነካኝ ግን የወላጆቿን መክሳት፣ የእናቷን ለቅሶ መመዝገቧ ነው። ልጆች አይሰሙም ብለን የምናንሾካሹከውን ሁሉ አስቡት። ልጄ ብትሆን ደብተሩን እቀማት ነበር? ወይስ ሻማ እፈልግላት ነበር?

በ1993 መጨረሻ ከእናት አባቷ ጋር ወደ ፓሪስ ወጣች። ከበባው ከዚያም በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ቀጠለ፤ የጎረቤት ልጆች እዚያው ነበሩ።