ያረጁ የቤት ጠባቂዎች

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙ ጊዜም ጥቅም ፈላጊውን ሰው ለመንቀፍ እንናገረዋለን፡፡ ነገር ግን ተረቱን ገልብጦ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም፤ ይኸውም በበላበት ሲጮኽ የኖረ ውሻ፥ ድምፁ በደከመ ጊዜ፥ በጮኸበት ሊበላ አይገባውምን? የሚለው ነው፡፡

እኔ በምኖርበት በጅማ ከተማ፥ በበቾ ቦሬ ሰፈር፥ ውሻና ድመት የሚያዙት ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው፡፡ ቡና ተለቅሞ በግቢ ሲሰጣ ውሻ ሌሊቱን ይጠብቃል፤ ድመትም አይጥን ከእህል ታርቃለች፡፡ ጉልበታቸው ባለቀ ጊዜ ግን ወደ ጫካ ዳር ወስዶ የሚጥላቸው አይጠፋም፡፡ የእኔም ውሻ 12 ዓመት ሲሞላው ምግብ ተወ፡፡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ «ልጄ፥ እርጅና መድኃኒት የለውም፤ እሱን ጣልና ቡችላ አምጣ» ሲሉ መከሩኝ፡፡ «አባባ፥ አስቀድሞ ሐኪም ይየው» ብዬ ወሰድሁት፡፡ ሐኪሙም አፉን ከፍቶ የበሰበሰ ጥርስ አሳየኝ፤ ጥርሱም በማደንዘዣ ተነቀለ፡፡ ከጥቂት ቀን በኋላ ውሻው በመረቅ የራሰውን እንጀራ ጠርጎ በላ፡፡ እርጅና የተባለው የጥርስ ሕመም ኖሯል፡፡

ስለዚህ ያረጀ እንስሳ ጠባዩን ሲለውጥ ሕመሙን መመርመር ይገባል፡፡ ውሻ ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ፥ ይልቁንም ግዙፉ ቀድሞ፥ ያረጃል፤ ድመት ግን ከ10 ዓመት በኋላ ነው፡፡ ለመነሣት የሚቸገር ውሻ መገጣጠሚያው የታመመ ሊሆን ይችላልና፥ በዚህ ዝናብ በሚበዛበት አገር በደረቅ ጆንያ ላይ ይተኛ፡፡ ውሃ አብዝታ እየጠጣች የምትከሳ ድመት ኩላሊቷ ደክሞ ይሆናል፡፡ የሰውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት አደገኛ ነው፤ አንድ የፓራሲታሞል ክኒን እንኳ ድመትን ሊገድል ይችላል፡፡ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ የሁለቱንም ደም ይጎዳል፤ የቡና አተላም ይመርዛቸዋል፡፡ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ስላረጁ አይቋረጥ፤ ቤተ ሰቡን ጭምር ይጠብቃልና፡፡

ከተማችን በዚህ ረገድ ረዳት አላጣችም፡፡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፥ ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥር የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኖ የእንስሳት ሐኪሞችን ያስተምራል፡፡

ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ሥርዓት ይከለክላል፤ ይህ ግን ከምሕረት ያስወጣዋል ማለት አይደለም፡፡ በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት መሄዱ ሳይጻፍ አልቀረም፡፡ እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ደጅህን ጠብቆ ያረጀውን እንስሳ መርምር፤ ሕመሙ የሚድን ቢሆን ይታከም፤ የማይድን ቢሆንም ያለ ሥቃይ የሚያሳርፈው ሐኪም ይሁን እንጂ የጫካ ዳር ጅብ አይሁን፡፡