በዋሽንግተን ሁለተኛው ጎዳና ላይ ያለው ቤት

ወደ ዋሽንግተን የሄደ ኢትዮጵያዊ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ኋይት ሐውስ፣ ስለ ሊንከን መታሰቢያና ስለ ካፒቶሉ ጉልላት ነው። የእነዚህ ሥዕል በየመጽሔቱ ስለ ታተመ፣ ውድ አንባቢ፣ ከአገርዎ ሳይወጡ ያውቋቸዋል። ዛሬ ልወስድዎ የፈለግሁት ግን ጉልላት ወደሌለው፣ ሐውልትም ወዳልቆመለት ቤት ነው። ይሁን እንጂ መንግሥትና የበጎ አድራጎት ማኅበር ለድኻ በአንድነት ሲቆሙ ማን ምን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያገለግል ለማወቅ ለሚሻ ሰው፣ ከዚህ ቤት የሚበልጥ ትምህርት ቤት አላየሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዩኒየን ጣቢያ፣ ማለት ከከተማው ታላቅ የባቡር ጣቢያ፣ ወጥተው ወደ ምዕራብ ይራመዱ። በስተግራዎ የካፒቶሉ ጉልላት ይታያል፤ በስተቀኝዎ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ይቀራል። ጥቂት እንደ ሄዱ ሁለተኛው ጎዳና «ዲ» ከሚባለው መንገድ ጋር ከሚገናኝበት ማዕዘን ይደርሳሉ። ከመንገዱ ማዶ የሚታየው ሰፊ ሕንፃ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ነው፤ ከእርሱም አለፍ ብሎ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ይገኛል። እንግዲህ ሕግ የሚወጣበት፣ ሕግ የሚጠናበት፣ ፍርድ የሚሰጥበትና የሠራተኛ ጉዳይ የሚታይበት ቦታ ሁሉ እርስ በርሱ በእግር የሚደረስበት ነው። በእነዚህ መካከል ቤት የሌላቸው ሰዎች የሚያድሩበት፣ 1,350 አልጋ እንዲይዝ የተሰናዳ ቤት ቆሟል።

ቤቱ ሰፊ ነው እንጂ ያማረ አይደለም። ጠዋት በዚያ ቢያልፉ ጓዛቸውን በከረጢት የያዙ ወንዶችና ሴቶች ከደጃፉ ያያሉ። አንዳንዱ በግድግዳው ጥግ ፀሐይ ይሞቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱን እያየ ወደ ባቡሩ ይጣደፋል፤ ሥራ አለውና። «ሥራ ያለው ሰው እንዴት ቤት ያጣል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው፤ በዚያ ከተማ የብዙ ሰው ደመወዝ ከቤት ኪራይ ጋር ሲተያይ የሚያሸንፈው ኪራዩ ነው። አዲስ አበባ ላይ በጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ነገሩን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ሕንፃው መጀመሪያ ለዚህ ተግባር የቆመ አልነበረም። በ1968 ሥራ የጀመረው ፌዴራል ሲቲ ኮሌጅ የሚባል የሕዝብ ኮሌጅ ያስተምርበት ነበር። ኮሌጁ ከለቀቀ በኋላ የመንግሥት ንብረት የሆነው ቤት ባዶውን ቀረ። በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ በእንግሊዝኛ የፊደል ስሙ «ሲ ሲ ኤን ቪ» የሚባል ማኅበር ነበረ። በ1970 የቬትናምን ጦርነት በሰላማዊ መንገድ ለመቃወም የተመሠረተ ሲሆን፣ ቆይቶ ፊቱን በጎዳና ላይ ወደሚራቡትና ወደሚበርዳቸው ሰዎች መልሶ ነበር። ከመሪዎቹ ዋነኛው ሚች ስናይደር የተባለ ሰው ነው። በ1984 መጀመሪያ መንግሥት ያን ባዶ ሕንፃ ለብርዱ ወራት ማደሪያ እንዲሆን ለማኅበሩ ፈቀደ።

ቤቱ ግን ያረጀና የተበላሸ ነበር። ማኅበሩ ይታደስልን ብሎ ቢጠይቅ ስላልተፈቀደለት ስናይደር ምግብ አልቀምስም ብሎ ተነሣ። የረኃቡም አድማ 51 ቀን ቆየ። በኖቬምበር 4 ቀን 1984፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ለሁለተኛ ጊዜ ከሚመረጡበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ መንግሥት ቤቱን አድሶ ለሌሎች ናሙና የሚሆን ማደሪያ ለማድረግ ቃል ገባ። ስናይደርም አድማውን አቆመ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ የሚል ተረት በሆነ ነበር። ነገር ግን «ናሙና የሚሆን» ማለት ምን ማለት ነው? ማኅበሩ ሙሉ እድሳት ማለት ነው አለ፤ የመንግሥት ሹማምንት ደግሞ ከዚያ ያነሰ መሆኑን ተናገሩ። ነገሩ ወደ ክርክር ወጣ፤ ከፍርድ ቤትም ደረሰ። በ1986 የፌዴራሉ መንግሥት ሕንፃውን ለከተማው አስተዳደር ሲያስተላልፍ ነገሩ መልክ ያዘ። ለእድሳቱ ገንዘብ ተመደበ፤ በማስተላለፊያውም ውል ላይ ቤቱ ለ30 ዓመት ያህል ቤት ለሌላቸው ሰዎች መገልገያ እንዲሆን ግዴታ ተጻፈ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት አበው ይህን ቤት አላዩም፤ ቢያዩት ግን ምሳሌ ባደረጉት ነበር። ስናይደር በጁላይ 1990 ሞተ። ቤቱ ግን በአንድ ሰው ረኃብ ላይ ብቻ የቆመ ስላልነበረ አብሮት አልተዘጋም።

አሁን ወደ ቤቱ አሠራር ልምጣ። ጣሪያውና ግድግዳው የሕዝብ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ነው፤ የሚያገለግሉትም በአብዛኛው ራሳቸው ቤት አጥተው የመጡ፣ በዚያው የሚኖሩና ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ታማሚን የሚያይ ክሊኒክም በውስጡ ተከፍቷል። በ1989 የተመሠረተው «ዲ ሲ ሴንትራል ኪችን» የተባለ ድርጅት ደግሞ ከሆቴልና ከግብዣ የተረፈውን ምግብ እየሰበሰበ በዚሁ ቤት ምድር ቤት ብዙ ዓመታት አብስሏል፤ ሥራ ያጡትንም የወጥ ቤት ሙያ አስተምሯል። በ2023 ወደ ሌላ ሰፋ ያለ ቦታ ተዛወረ። መንግሥት ይህን ሁሉ አገልግሎት በራሱ ሠራተኞች ላሟላ ቢል ወጪው ይከብደዋል፤ ማኅበሩም እንዲህ ያለ ሕንፃ በከተማው መካከል ልግዛ ቢል ዕድሜ ልኩን ቢለምን አይበቃውም።

«መንግሥት ገንዘብ ከሰጠ በጎ አድራጊው የመንግሥት አሽከር ይሆናል» የሚሉ አሉ። «ማኅበሩ ከሠራ መንግሥት ግዴታውን በሌላው ትከሻ ላይ ይጥላል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሥጋት ከንቱ አይደለም። በኖቬምበር 1984 የከተማው ሕዝብ ማደሪያ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ማደሪያ ይሰጠው የሚል ሕግ በድምፁ አጽድቆ ነበር። ወጪው ሲከብድ ምክር ቤቱ በ1990 አጠበበው፤ ሕዝቡም በዚያው ዓመት በጠባብ የድምፅ ብልጫ መጥበቡን ተቀበለ። ቢሆንም ሁሉም አልጠፋም። በ2005 በወጣው የከተማው ሕግ፣ ብርዱ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ከተማው መጠለያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በአገር ደረጃም በ1987 የወጣውና በምክር ቤት አባሉ በማኪኒ ስም የተጠራው ሕግ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መርጃ የፌዴራል ገንዘብ መድቧል።

የውሉ 30 ዓመትም በ2016 ሞልቷል። ያን ጊዜ ባዶ ሕንፃ የቆመበት ሰፈር ዛሬ መሬቱ እጅግ የተወደደ፣ በዙሪያውም መስተዋት የለበሱ ሕንፃዎች የተተከሉበት ነው። ከተማውም ቀኑ ሳይደርስ ስለ ቤቱ ዕጣ የሚመክር ኮሚቴ አቁሞ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ውል ቤትን ከጊዜ ጋር ያስተሳስራል እንጂ ከጊዜ አያስጥልም። ሲያልቅ የሚያድስ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳይሉኝ፣ የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ መሥሪያ ቤቶቹ ወረቀታቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። የእኛ ሰው በዚያ ብዙ ነውና። ወደ አገራችንም ስንመለስ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየአስፋልቱ ጠርዝ የሚያድረውን ወገን እናያለን። መቄዶንያን የመሳሰሉ ማኅበራት የወደቁትን ከመንገድ እያነሡ የሚያኖሩት ይበልጡን ከሕዝብ በሚለምኑት ገንዘብ ነው። የሕዝቡ ቸርነት የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ምጽዋት ወር ጠብቆ አይመጣም፤ የዳቦና የመድኃኒት ሒሳብ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል።

እኔ መምህር ነኝና የበጀት ቁልፍ በእጄ የለም። ከአንባቢዎቼ ግን ብዙዎቹ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይመዘግባሉ፣ ረቂቅ ያዘጋጃሉ፤ ተማሪዎቹም ነገ በዚያው ወንበር ይቀመጣሉ። አንድ ማኅበር ባዶ ቤት፣ መሬት ወይም የውኃና የመብራት ድጎማ ጠይቆ የጻፈው ማመልከቻ ከጠረጴዛዎ ሲደርስ፣ ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ አቧራ ሳይጠጣ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁለት። ቤቱ የማን ሆኖ ይቆያል? የዓመቱን ወጪ ማን ይችላል? እስከ መቼስ ነው? መልሱ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። አለቃዎም «ቃል ገብተናል፣ ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል?» ቢሉዎ፣ በዋሽንግተን ሁለተኛው ጎዳና ላይ አንድ ቃል ውል እስኪሆን ሁለት ዓመት ያህል እንደ ፈጀ ይንገሯቸው።