የውሻ አስተርጓሚዎች

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤታችን፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ገብተን ነበር። እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ ሁለታችንም የዚሁ ግቢ ተማሪዎች። የደብረ ብርሃንን ክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ብርዱ ከቤት አያስወጣም፣ ቢወጡም ጭቃው አያስኬድም። ስለዚህ ማታ ማታ ሥራችን ከሰል ዙሪያ ተኮልኩሎ ፊልም ማየት ሆነ። አንድ ቀን ታናሽ እኅታችን ከጎረቤት ልጆች ተውሳ ባመጣችው ፍላሽ ውስጥ ውሻ የሚናገርበት ፊልም ተገኘ። እንግሊዝኛው ለእሷም ለአያታችንም ስለማይገባ «በሉ እንግዲህ፣ ተማሪዎቹ ተርጉሙልን» ተባልን። እንቢ ማለት አይቻልም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የውሻ ንግግር መተርጎም ያቃተው ልጅ ምን ሊባል ነው?

ፊልሙ «ሆምዋርድ ባውንድ» ይባላል፤ ወደ ቤት ጉዞ እንደ ማለት ነው። ዲስኒ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ያወጣው፣ ዱዌይን ደንሃም ያዘጋጀው የቤተ ሰብ ኮሜዲ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ አሜሪካዊ ቤተ ሰብ በሥራ ምክንያት ለጊዜው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይሄድና ሁለት ውሾቹንና ድመቱን ገጠር ለምትኖር ወዳጁ በአደራ ይሰጣል። ሽማግሌው ውሻ ግን ፒተር የሚባለውን ልጅ እጅግ ይወዳል፤ «ልጁ አንድ ነገር ቢደርስበት ነው እንጂ እንዲህ አይቀርም» ብሎ ይጨነቃል። ሦስቱም የሲየራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጠው ወደ ቤታቸው ጉዞ ይጀምራሉ። በመንገዱ ላይ ድብ አለ፤ የተራራ አንበሳ የሚሉት አውሬ አለ፤ የጃርት ወስፌ አለ፤ ድመቷን ይዟት የሚሄድ ወንዝ አለ።

የትርጉሙ ሥራ ገና ከስማቸው ላይ አስቸገረን። ሽማግሌው ውሻ ሻዶው ነው፤ «ጥላ» አልነው። ጎረምሳው ቻንስ «ዕድሉ» ሆነ። ድመቷ ሳሲ አፈኛ ስለሆነች «ምላሷ» አልናት፤ እኅታችን በሳቅ ፈረሰች። ዋናው ችግር የመጣው ግን ዕድሉ ጥላን ሲያናግረው ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ልጁም ሽማግሌውም ያው ነው። እኛም ሳናስበው «አንተ» ብለን ተረጎምነው። አያታችን እማማ ወዲያው አቋረጡን።

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ቡችላ ያንን ሽማግሌ አንተ ነው የሚለው?»

«ውሻ እኮ ናቸው እማማ።»

«ውሻ ቢሆኑስ? መናገር ከቻሉ ማክበር ያቅታቸዋል?»

ምን መልስ አለው? ከዚያ በኋላ «ጋሼ ጥላ፣ ይሄን ያህል መንገድ ይችላሉ?» እያልን ቀጠልን። ፊልሙ እንደዚያ ሆኖ ይበልጥ አማረ ብንል ማጋነን አይደለም። ደግሞም እማማ ያለ ነገር አልተናገሩም። ለጥላ ድምፁን የሰጠው ዶን አሚቺ የተባለ አንጋፋ ተዋናይ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ዕድሜው 84 ነበር፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ዐረፈ። በ1996 ተከታዩ ሲሠራ የጥላን ድምፅ የተጫወተው ሌላ ሰው ነው። እማማ አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳያውቁ «ይሄ የትልቅ ሰው ድምፅ ነው» አሉ። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ውሻ አፍም ጥቂት እንበል። ፈረንጆች ውሻን በሲኒማ ማናገር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1931 ኤም ጂ ኤም የተባለው ኩባንያ ውሾችን ሱፍና ቀሚስ አልብሶ አጫጭር ፊልሞች ሠርቶ ነበር፤ አፋቸው እንዲንቀሳቀስ የሚጣበቅ ከረሜላ ያስልሷቸው እንደነበር ይነገራል። በ1995 በወጣው «ቤብ» በተባለው የአሳማ ፊልም ደግሞ የእንስሳቱን አፍ ያንቀሳቀሰው ኮምፒዩተር ነው፤ ፊልሙ በዚህ ጥበቡ ኦስካር ተሸልሟል። እኛ ያየነው ግን በመካከል ያለ ነው። የነጥላ አፍ አይንቀሳቀስም። ውሻው ዝም ብሎ ያያል፤ ድምፁ ከላይ ይመጣል። ለአስተርጓሚ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ረዘመ አጠረ ብሎ መጨነቅ የለም፤ ያሻህን ብትል ይገጥማል። ውሸትም ቢሆን ይገጥማል። እኛን ያሳሳተን ይኸው ነው።

ውሸቱ ምን እንደሆነ ለመናገር ስለ ራሳችን ውሻ ማውራት ግድ ይላል። ስሙ ታዘብ ነበር። በኛ አገር ውሻ ከጥንትም ይናገራል፤ የሚናገረው በስሙ ነው። ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊል ያልደፈረውን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣና በር ላይ ቆሞ ይጣራል። እማማም አጥራቸውን አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገፍቶባቸው ለነበረ ጎረቤት ነበር ስሙን ያወጡት። ሰውየው ባለፈ ቁጥር «ታዘብ! ኧረ ታዘብ!» ይላሉ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ይመጣል፤ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አጥሩ ወደ ቦታው ባይመለስም እማማ ይቀላቸው ነበር።

ታዘብ አረጀ። አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ ሌሊት ሌሊት ምንም በሌለበት ይጮህ ጀመር፤ ጎረቤት አማረረ፤ አባታችንም ሌላ ቡችላ አመጣ። ለመግደል የማንም እጅ አልሄደም። አጎታችን ወደ ደብረ ሲና በአይሱዙ ዕቃ ሊጭን ሲሄድ አደራውን ለኛ ለሁለታችን ሰጡን። መንገዱን እንዳያይ በማዳበሪያ ከተትነው። አንዳችን አቀፍነው፣ አንዳችን የማዳበሪያውን አፍ ያዝን። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን ጣርማበር ዋሻው አጠገብ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ አወረድነው። ለእኅታችን «መንዝ ዘመድ ቤት በግ ሊጠብቅ ሄደ» ተባለች። የዚያን ጊዜ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አመነች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙን የሚያነሣ አልነበረም። እማማ እንኳ አዲሱን ቡችላ ቦቢ ብለው ዝም አሉ።

እንግዲህ በዚያ ማታ ይህን ሁሉ ሆዳችን ይዘን ነው የምንተረጉመው። እስከ መካከሉ ድረስ ደህና ሄድን። ዕድሉ ከዚህ ቀደም ሰዎች ጥለውት በውሻ ማጎሪያ ያደገ ስለሆነ ሰውን አያምንም፤ ጥላ ደግሞ ሰውን ማመን ሥራው ነው። ቀልዱ ሁሉ በሁለቱ ክርክር ላይ የቆመ ነው። እኅታችን ዕድሉ በተናገረ ቁጥር ትስቃለች፤ እኛ እየቀነስን ሄድን።

ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ባቡር ሐዲድ አካባቢ፣ ሽማግሌው ውሻ የበሰበሰ እንጨት ረግጦ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። እግሩ ይጎዳል። ሊወጣ ይሞክርና ያቅተዋል። ጎረምሳው ከላይ ሆኖ ይለምነዋል። ሽማግሌው ማርጀቱን፣ ከዚህ በላይ እንደማይችል፣ ትቶት እንዲሄድ ይነግረዋል። ይህን ለመተርጎም ተራው የማናችን እንደነበረ አሁን ብንናገር ጥቅም የለውም፤ ሁለታችንም አፋችን ተያዘ። እኅታችን «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። በመጨረሻ እንዲህ አልን፦

«እግሬን ትንሽ አሞኛል፤ እናንተ ቅደሙ፤ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ ነው የሚለው።»

እኅታችን «እሺ» አለች። እማማ ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ «እንዲህ አላለም» አሉ። «ይሄ ውሻ በቃኝ ነው ያለው።» ከዚያ ወደኛ ዞረው አዩን። አባታችን ከሰሉን መቆስቆስ ጀመረ፤ ደህና የተያያዘውን ከሰል።

መጨረሻውን ያየ ያውቀዋል። ጎረምሳው ይደርሳል፤ ድመቷም ትደርሳለች፤ ጥላ የለም። ልጁ ፒተር መንገዱ ለአንድ ሽማግሌ ውሻ እንደማይሞከር አምኖ ተስፋ ቆርጦ ሊዞር ሲል፣ ውሻው እያነከሰ ከጉብታው በላይ ብቅ ይላል። ኮሜዲ ነውና መምጣት አለበት። እኅታችን ብድግ ብላ አጨበጨበች። ቀጥላም «ታዘብም እኮ ሽማግሌ ነው» አለችና መጋረጃውን ገልጣ ወደ በሩ ተመለከተች። አባታችን በሩን ልቆልፍ ብሎ ወጣ፤ ቶሎም አልተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አሰብንበት። ታሪኩ መጀመሪያ የሺላ በርንፎርድ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ታትሟል። ዲስኒ በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ሲያደርገው እንስሳቱ አይናገሩም፤ የሚተርክላቸው ሰው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አፍ ተሰጣቸው። ያ አፍ ግን የሰው ስጦታ ነው፤ የተሰጠውም ቃል ሰውን የሚያስደስት ነው። በፊልሙ ውስጥ ውሾቹ እርስ በርስ ያወራሉ እንጂ ሰዎቹ አይሰሟቸውም፤ የሚሰማቸው ተመልካቹ ብቻ ነው። ተመልካቹም መስማት የሚፈልገውን ይሰማል፦ ውሻው አልተቀየመም፣ ይወደናል፣ ይመጣል። ይህን ስንል ፊልሙን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስቀንበታል። ነገር ግን ማስተዋል የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። በመጽሐፉም በፊልሙም ባለቤቶቹ በደል የለባቸውም፤ እንስሳቱን አልጣሉም፣ በአደራ ነው የሰጧቸው። ጥላ በክርክሩ የሚረታው ለዚህ ነው። ባለቤቶቹ ማዳበሪያ ይዘው የሄዱ ቢሆኑ ኖሮ ያንን ኮሜዲ ማን ይስቅበት ነበር? ሽማግሌው ውሻስ ከጉብታው በላይ ብቅ ሲል ልጁ በምን ዓይኑ ያየው ነበር?

በማግሥቱ ጠዋት እኅታችንን ከቤቱ ጀርባ ወስደን ነገርናት። መንዝ የለም፣ በግም የለም አልናት። ታለቅሳለች ብለን ፈርተን ነበር፤ አላለቀሰችም። መጀመሪያ «በማዳበሪያ?» አለች። አዎ አልናት። ትንሽ ቆየችና ደግሞ ጠየቀች፦

«ስታወርዱት ምን አለ?»

ሙሉ ፊልም ስንተረጉም ያመሸን ሰዎች ለዚህ ቃል አጣን። እርግጥ ያየነውን እናውቀዋለን። ማዳበሪያውን ስንፈታለት ራሱን አራገፈ፤ ዙሪያውን አሸተተ፤ ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሶ ጎማው አጠገብ ተቀመጠና ቀና ብሎ ያየን ጀመር። እኛም አብረን የምንወርድ መስሎት ነበር። አልጮኸም። መኪናው ሲነሣም መጀመሪያ የተነሣው መንገድ ሊለቅልን ነው።

ይህንኑ ነገርናት፤ ምንም ሳንጨምር። «እንዲያ ከሆነ ምንም አላለም» አለችና ወደ ቤት ገባች። እስከ መስከረም አኮረፈችን፤ ተገቢ ነው። እማማ ግን የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ወጥተው፣ መንገዱ ላይ ማንም ሳይኖር፣ አንድ ጊዜ «ታዘብ!» ብለው ተጣሩ። ቦቢ ሮጦ መጣላቸው። ለማን እንደ ተጣሩ እኛም ገባን፣ አባታችንም ገባው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ዕረፍቱ ደርሷል። ቤታችሁ ስትገቡ ይህ ፊልም ወይም መሰሉ ሳይገጥማችሁ አይቀርም፤ ተርጉሙልን መባላችሁም አይቀርም። ስቃችሁ አስቁ፤ ሽማግሌውንም አንቱ በሉ። ጉድጓዱ ላይ ስትደርሱ ግን ያለውን እንዳለ ተርጉሙ። ልጆች ሊሰሙት ይችላሉ፤ ከባዱ እኛ ልንለው አለመቻላችን ነው።